ተራ ሲያልቅ የት ይታደራል?

(በምሩቃን መገናኛችን ከምሳ በኋላ በነበረው ፕሮግራም የቀረበ ንግግር፤ ለመጽሐፉ ሲዘጋጅ በጥቂቱ ብቻ ታርሟል።)

የዝግጅት ኮሚቴው ሲደውልልኝ መጀመሪያ የተነገረኝ "ስለ ደም ግፊት እንዳታወሪ" የሚል ነው። የጠዋቱ ፕሮግራም በሙሉ ሕክምና ስለሆነ፣ ከምሳ በኋላ ደግሞ ሰው እንቅልፍ ስለሚጫነው፣ ቀለል ያለ ነገር ይሁን ተባልኩ። እሺ፣ ቀለል ያለ ነገር ይዤ መጥቻለሁ፤ ስለ ጨዋታ ነው የማወራው። ስለ ኮምፒዩተር ጌም። ከኋላ የምትስቁ ይሰማኛል፣ ግድ የለም ሳቁ። ብቻ ዛሬ አሥር ሰዓት ላይ ድምፅ ስለምንሰጥበት ጉዳይ መጨረሻ ላይ አንድ ነገር እላለሁና እስከዚያ አትተኙብኝ።

ጨዋታው ትሬድዎርስ 2002 ይባላል። የንግድ ጦርነት እንደ ማለት ነው። ሥዕል የለውም፣ ሙዚቃ የለውም፤ ጥቁር ስክሪን ላይ ባለቀለም ጽሑፍ ብቻ ነው። ተጫዋቹ የጠፈር መርከብ ያለው ነጋዴ ነው። ጠፈሩ ሴክተር በሚባሉ፣ ቁጥር በተሰጣቸው ስፍራዎች ተከፋፍሏል፤ በቀድሞው የተለመደ አደራጃጀት 1,000 ነበሩ፣ ኋላ ወደ ብዙ ሺህ አደጉ። ከአንዱ ሴክተር የሚያወጡ መንገዶች ቢበዙ ስድስት ናቸው። አንዳንዱ መንገድ ይወስዳል እንጂ አይመልስም። በብዙዎቹ ሴክተሮች ወደብ አለ፤ ወደቦቹ የሚነግዱት ሦስት ነገር ብቻ ነው፦ የነዳጅ ማዕድን፣ የእርሻ ውጤትና መሣሪያ። እያንዳንዱ ወደብ ሦስቱን አንድ በአንድ ወይ ይገዛል ወይ ይሸጣል። ሦስት ዕቃ በሁለት አማራጭ፣ ስምንት ዓይነት ወደብ ማለት ነው። ሙሉ ጨዋታው የቆመው በዚህ ላይ ነው። መርካቶ የተገበያየ ሰው ይገባዋል፤ ወደቡ ዋጋ ይጠራል፣ እናንተ ትከራከራላችሁ፣ ብዙ ከጎተታችሁት "የመጨረሻ ዋጋዬ ነው" ይላችኋል፣ ከዚያ ካለፋችሁ ሂዱልኝ ይላል።

እኔ ጨዋታውን ያወቅሁት ለስፔሻሊቲ አሜሪካ በሄድኩ በሁለተኛው ዓመት ነው። በምሠራበት ሆስፒታል የኮምፒዩተር ክፍል ውስጥ አንድ በዕድሜ የገፉ ባለሙያ ነበሩ። ቤታቸው ባለ አሮጌ ኮምፒዩተር ላይ ጨዋታውን ለወዳጆቻቸው ክፍት አድርገው ለዓመታት አቆይተውታል። "በቀን ሩብ ሰዓት አለሽ?" አሉኝ። ሩብ ሰዓት ነበረኝ። ከሩብ ሰዓት በላይ ስላልነበረኝም ነው ጨዋታው የተመቸኝ።

ታሪኩን በአጭሩ ልንገራችሁ፤ ስለ ዓመተ ምሕረቶቹ ግን በአውሮፓ አቆጣጠር ነው የማወራው። በ1974 ዴቭ ካውፍማን የተባለ ሰው ስታር ትሬደር የሚባል ጨዋታ ፒፕልስ ኮምፒዩተር ካምፓኒ በሚባል የአሜሪካ የኮምፒዩተር ጋዜጣ ላይ አወጣ። ያኔ ጨዋታ "ማውጣት" ማለት የፕሮግራሙን መስመሮች ማተም ነበር፤ አንባቢው ራሱ ቁጭ ብሎ ወደ ማሽኑ ይገለብጠዋል። በዚያ ጨዋታ ከኮከብ ኮከብ እየተዞረ ከሚሸጡት ሸቀጦች አንዱ መድኃኒት ነበር። ከፋርማሲ ትምህርት ክፍል የመጣችሁ ደስ ይበላችሁ።

ከዚያ ክሪስ ሸሪክ መጣ። በ1984 ሦስት ነገር አንድ ላይ አቀላቀለ። ከስታር ትሬደር ንግዱን ወሰደ። ሪስክ ከሚባለው የገበታ ጨዋታ ደግሞ ጦር እያሰፈሩ ቦታ መያዝን ወሰደ። ሦስተኛው ሀንት ዘ ዋምፐስ ከሚባል የጽሑፍ ጨዋታ የመጣ ነው፤ 20 ክፍሎች ያሉት ዋሻ ነው፣ እያንዳንዱ ክፍል ወደ ሌሎች ሦስት ክፍሎች ያስወጣል፣ ጨለማ ውስጥ አውሬ አለ። የሴክተሮቹ መንገድ ከዚያ ዋሻ የተገኘ ነው። ትሬድዎርስ እንዲህ ተወለደ። ቀጥሎ ጋሪ ማርቲን በፓስካል ቋንቋ አዲስ አድርጎ ጻፈውና ትሬድዎርስ 2002 ሆነ፤ በሰፊው የተሰራጨውም ይኸኛው ነው። በ1990ዎቹ መገባደጃ ደግሞ ጆን ፕሪቸት የሚባል ፕሮግራመር ተረክቦት በኢንተርኔት እንዲሠራ አደረገው። በ2009 ፒሲ ወርልድ የተባለው መጽሔት የምንጊዜም ምርጥ የኮምፒዩተር ጨዋታዎች ብሎ ሲደረድር አሥረኛ ላይ አስቀመጠው። ሥዕል የሌለው ጨዋታ! እኔን የሚገርመኝ ግን ደረጃው ሳይሆን ርክክቡ ነው። ካውፍማን፣ ሸሪክ፣ ማርቲን፣ ፕሪቸት፤ አራት ሰው እየተቀባበለ ነው ያደረሰው። አንዳቸው ላይ ቢቆም ኖሮ እኔ ጋ አይደርስም ነበር።

አሁን ወደ ዋናው ነገር፣ ወደ ተራ ልምጣ።

ጨዋታው የኖረው ቢቢኤስ በሚባሉ ኮምፒዩተሮች ላይ ነው። የመጀመሪያውን ቢቢኤስ ዋርድ ክሪስተንሰንና ራንዲ ሱውስ ቺካጎ በከባድ በረዶ በተዘጋችበት ክረምት ሠርተው በፌብሩዋሪ 1978 ከፈቱት። ነገሩ ቀላል ነው፤ አንድ ሰው ቤቱ ኮምፒዩተር አለው፣ ኮምፒዩተሩ ከስልክ መስመር ጋር ተያይዟል፣ ሌላው ከቤቱ ይደውልና ይገባል፣ መልእክት ትቶ ይወጣል። መስመሩ አንድ ከሆነ ግን አንድ ሰው ሲገባ ሌላው የሚሰማው የተያዘ ስልክ ድምፅ ነው። የግቢያችንን የካርድ ስልክ ወረፋ የምታስታውሱ፣ እሱን አስቡት። አንዱ ከእጮኛው ጋር አርባ ደቂቃ ያወራል፣ አሥራ አምስት ሰው ብርድ ላይ ይቆማል።

ስለዚህ ጨዋታው ለእያንዳንዱ ሰው በቀን የተወሰነ ተራ ይሰጣል። መርከብ ከሴክተር ወደ ሴክተር ማንቀሳቀስ ተራ ያስከፍላል። ወደብ መግባት ተራ ያስከፍላል። የቀኑ ድርሻ ሲያልቅ እስከ ነገ በቃ። ሀብታም ሆንክ ድሃ፣ ሥራ ፈት ሆንክ ሥራ የበዛብህ፣ ድርሻው ለሁሉም እኩል ነው። ቀኑን ሙሉ ማሽኑ ላይ የሚውል ተማሪና በሠላሳ ሰዓት ዲዩቲ መካከል ሩብ ሰዓት የሰረቀች ሬዚደንት እኩል 300 ተራ ይዘው ይገባሉ። እኔ በዚያ ዘመን በሕይወቴ ውስጥ እኩል ድርሻ የነበረኝ ቦታ ይኸው ብቻ ነበር ብል አላጋነንኩም።

በነገራችን ላይ ይህ የስልክ ዘዴ ለእኛም ሩቅ አይደለም። በ1984 ቶም ጄኒንግስ ፊዶኔት የሚባለውን ሠራ፤ ቢቢኤሶቹ የስልክ ታሪፍ በሚረክስበት ሌሊት እርስ በርሳቸው እየተደዋወሉ ደብዳቤ ይለዋወጡ ነበር። ሙሉ ኢንተርኔት በ1997 ኢትዮጵያ ከመግባቱ በፊት አዲስ አበባ ላይ በኢ.ሲ.ኤ. ግቢ ፓዲስ የሚባለው ክፍል በዚሁ በፊዶኔት ዘዴ ኢሜይል ያስተላልፍ ነበር። ለሐኪሞች ደግሞ ሄልዝኔት ነበረ። የልብ ሐኪሙን በርናርድ ላውንን ታውቋቸዋላችሁ፤ ዲፊብሪሌተሩ ላይ ስማቸው አለ። እሳቸው የመሠረቱት ሳተላይፍ የተባለ ድርጅት ኢትዮጵያን ጨምሮ ለአፍሪካ ሐኪሞች የሕክምና ጽሑፍና ደብዳቤ በፊዶኔትና ዝቅ ብላ በምትዞር ትንሽ ሳተላይት ያደርስ ነበር። ሳተላይቷ ሁልጊዜ አናት ላይ የለችም፤ በቀን የተወሰነ ጊዜ ብቻ ታልፋለች። ስታልፍ ደብዳቤህን ትወስዳለች፣ የመጣልህን ትሰጥሃለች፣ ትሄዳለች። ያ ነው ተራ ማለት። በዚያ መስመር የተጻጻፋችሁ መምህሮቻችን ካላችሁ እስቲ እጃችሁን አሳዩን። (ሦስት እጆች ተነሡ፤ ጭብጨባ።) አመሰግናለሁ። እንግዲህ የእኔን ጌም ከእኔ በፊት ታውቁታላችሁ ማለት ነው።

ወደ ስልቱ እንግባ። ጨዋታውን ያልተጫወተ ሰው ዋናው ነገር ገንዘብ ይመስለዋል። ገንዘብ አይደለም፤ ገንዘብ ይመለሳል። ያጠፋችሁት ተራ ግን አይመለስም። ስለዚህ ማንኛውም ሒሳብ የሚሠራው በተራ ነው።

ምሳሌ ልስጣችሁ። የተለመደው የንግድ ስልት ጎን ለጎን ያሉ ሁለት ወደቦችን መፈለግ ነው። አንዱ የእርሻ ውጤት ይሸጣል፣ መሣሪያ ይገዛል፤ ሌላው የዚህን ተቃራኒ ያደርጋል። በሁለቱ መካከል ትመላለሳላችሁ፤ ባዶ ጉዞ የለም። የትኛው መርከብ ይሻላል? ተጫዋቹ የሚጀምርባት መርቻንት ክሩዘር ስታድግ 75 ጭነት ትይዛለች፤ አንድ ሴክተር ለመሻገር 3 ተራ ትበላለች። ወደብ ሲገባ 1 ይጨመራል፤ 4 ሆነ። በ300 ተራ 75 ግብይት ይሠራል፣ በድምሩ 5,625 ጭነት። መርቻንት ፍሬተር የምትባለው ከእሷ ታንሳለች፣ የምትይዘው 65 ብቻ ነው። ግን ሴክተር ለመሻገር 2 ተራ ይበቃታል። ከወደቡ ጋር 3፤ በ300 ተራ 100 ግብይት፣ 6,500 ጭነት። ትንሿ ትልቋን በለጠች። ጀማሪ የሚያየው የመጋዘኑን ስፋት ነው፤ የቆየ ተጫዋች ግን ጭነቱን ለተራ ያካፍላል።

ታዲያ ከሁሉም ትልቅ የሆነች ኮሎኒያል ትራንስፖርት የምትባል አለች፤ 250 ጭነት ትይዛለች። ሴክተር ለመሻገር 6 ተራ ትበላለች፣ ከወደቡ ጋር 7። በ300 ተራ 42 ግብይት፣ 10,500 ጭነት። በወረቀት ላይ አሸነፈች። ነገር ግን ብዙ ጦር መያዝ አትችልም፤ ጋሻ ያደረጋት መንገደኛ ሁሉ አይምራትም። እንደዚያች ያለች መርከብ ትርፍ የምታመጣው ጠባቂ ሲኖራትና ዕለት ዕለት የሚያንቀሳቅሳት ሰው ሲገኝ ብቻ ነው። ይህችን መርከብ አስታውሱልኝ፤ ኋላ እመለስባታለሁ።

የወደብ ንግድ ሌላም ገደብ አለው። ስትገዙበት ክምችቱ ይቀንሳል፣ ዋጋውም ይከፋባችኋል። ወደቡ እስኪያገግም ቀናት ይወስዳል። እኛ ደም ከለገሰ ሰው በሳምንቱ ደግመን አንቀዳም አይደል? እንደዚያ ነው። ጎበዝ ነጋዴ ወደቡን እያፈራረቀ ይሠራል እንጂ እስኪደርቅ አያልበውም።

ሁለተኛው የስልት ጥያቄ ለንግግሬ ስም የሰጠው ነው። ተራችሁ አለቀ፤ ከስልኩ ወጣችሁ፤ ልትተኙ ነው። መርከባችሁ ግን አልጠፋችም። ያቆማችኋት ሴክተር ውስጥ ገንዘቧንና ጭነቷን እንደያዘች ቆማለች። ሌላው ተጫዋች ገና ተራው አላለቀም፤ ሲዞር ካገኛት ይመታታል። ጠዋት ስትገቡ ራሳችሁን በማምለጫ ቀፎ ውስጥ ታገኙታላችሁ። ስለዚህ በዚህ ጨዋታ ትልቁ ጥያቄ "ዛሬ ምን ያህል አተረፍኩ?" ሳይሆን "የት አድራለሁ?" ነው።

ለጀማሪ መንግሥት የሚጠብቀው ቀጠና አለ፤ ከሴክተር 1 እስከ 10 ያለው፣ ምድርም እዚያው ሴክተር 1 ውስጥ ናት። እዚያ ያደረን ጀማሪ ማንም አይነካም። ልምድ ሲጨምር ግን ጥበቃው ይነሣል። ቦታውም ከተጨናነቀ ትርፍ መርከቦች ሌሊት እየተጎተቱ ይወጣሉ። ኢንተርን ሳለን ሲኒየር ከኋላችን ነበር፤ አንድ ቀን ሲኒየሩ ራሳችን ሆንን። እንደዚያ ነው። ሁለተኛው ዘዴ መግቢያው አንድ ብቻ የሆነ ጥግ ሴክተር ፈልጎ መደበቅ ነው። ጥሩ ነው፤ ግን አዳኞችም ካርታ ይሠራሉ፣ መጀመሪያ የሚፈትሹት ጥጉን ነው። ስለዚህ የቆየ ተጫዋች ተራውን አሟጦ አይጨርስም። ወደ ማደሪያው የሚመለስበትን ቆጥሮ ያስቀምጣል፤ ማደሪያው ተይዞ ቢያገኘው ሌላ የሚፈልግበትም ጥቂት ይጨምራል።

ሦስተኛው ደረጃ ፕላኔት መሥራት ነው፤ አሸናፊና ተሸናፊ የሚለየው እዚህ ላይ ነው። ጀነሲስ ቶርፒዶ የሚባል መሣሪያ ገዝታችሁ ባዶ ሴክተር ውስጥ ስትተኩሱት ፕላኔት ይፈጠራል። ፕላኔቱ ግን ባዶ ነው። ሰፋሪዎችን ከምድር እየጫናችሁ ማመላለስ አለባችሁ። ሰፋሪዎቹ እናንተ በተኛችሁበት ማዕድን ያወጣሉ፣ ያርሳሉ፣ መሣሪያ ያመርታሉ፣ ተዋጊዎች ይሠራሉ። ከልክ በላይ ብታጭቋቸው ምርቱ መልሶ ይወርዳል። ከዚያ ምሽግ ይገነባል፤ ስድስት ደረጃ አለው። የመጀመሪያው ደረጃ ገንዘብ ማስቀመጫና ማደሪያ ይሰጣችኋል፤ ከፍ ሲል መድፍ፣ ጋሻ፣ ፕላኔቱን ራሱን ከሴክተር ወደ ሴክተር የሚያዛውር ሞተር ሳይቀር ይመጣል። ወደብ ለወደብ የሚመላለስ ነጋዴ የሚያተርፈው ሲንቀሳቀስ ብቻ ነው። ፕላኔት ያለው ሰው ሲተኛም ያመርታል።

ታዲያ ለምን ሁሉም ፕላኔት አይሠራም? አሁንም ተራ። ፕላኔታችሁ ከምድር 6 ሴክተር ይርቃል እንበል። ደርሶ መልስ 12 ነው። በትልቋ መርከብ 12 በ6 ሲባዛ 72 ተራ፤ ማራገፊያና መጫኛው ሳይቆጠር። በ300 ተራ በቀን አራት ጉዞ፣ 1,000 ጭነት ሰፋሪ። እሱን ስታደርጉ ዋላችሁ ማለት ነው፤ ንግድ የለም፣ ጥበቃ የለም። አንድ ሰው ብቻውን ፕላኔት ሲሞላ ይራባል፣ ሲነግድ ፕላኔቱ ባዶ ይቀራል። ለዚህ ነው ማኅበር የሚፈቀደው። እኛ ጋ ማኅበር ቢበዛ አምስት ሰው ነበር። የእኔ ማኅበር ውስጥ እኚያ የኮምፒዩተር ባለሙያ፣ አንዲት የትምህርት ቤት መምህርት፣ አንድ ጡረተኛ የባቡር ሠራተኛ፣ አንድ ተማሪና እኔ ነበርን። የፊት ለፊት ትውውቃችን ያው ከአንዱ ሰው ጋር ብቻ ነው። አንዱ ሰፋሪ ያመላልሳል፣ አንዱ ይነግዳል፣ አንዱ መንገዱን ይፈትሻል።

እኔ በየአራተኛው ሌሊት ዲዩቲ ስለነበረብኝ ጨርሶ የማልገባባቸው ቀናት ነበሩ። ይህን ሳልጠየቅ አወቁት። ሥራቸውን ሲጨርሱ ለሚቀጥለው ሰው ሦስት መስመር ይጽፉ ነበር፦ ምን ተሠራ፣ ምን ቀረ፣ ምን ይጠበቅ። ስመለስ ያንን አንብቤ ከቆመበት እቀጥላለሁ። ይህን ወረቀት ማን እንዳስተማረን እናንተ ታውቃላችሁ፤ እዚህ ፊት ወንበር ላይ ተቀምጠዋል፣ ያለ ርክክብ ከዋርድ የወጣ ኢንተርን እግዜር ይሁነው።

በዚያው ጠፈር ከእኛ የተሻሉ ሁለት ተጫዋቾች ነበሩ። እውነቴን ነው፣ በሁሉ ነገር ይበልጡን ነበር፤ መርከባቸው ትልቅ፣ ካርታቸው የተሟላ፣ ክርክራቸው የሰላ። ሁለቱም በዓል ደርሶ ወደየቤተሰባቸው ለሳምንት ሄዱ። ሲመለሱ ፕላኔታቸው የሌላ ማኅበር ነበር። እኛ ከእነሱ በችሎታ አንበልጥም፤ ግን አምስታችን በአንድ ጊዜ የጠፋንበት ሳምንት አልነበረም። በአማርኛ ተራ ስንል ወረፋም ነው፤ ተራው የደረሰው ደግሞ ተረኛ ይባላል። ተረኛ ሐኪም ማለት ከሁሉ የበለጠ የሚያውቅ ሐኪም ማለት አይደለም። ዛሬ ማታ ያለው ሐኪም ማለት ነው።

አሁን አሥር ሰዓት ላይ ድምፅ ወደምንሰጥበት ጉዳይ።

እንደምታውቁት ያዋጣነው ገንዘብ ላይ ሁለት ሐሳብ ቀርቧል። አንዱ ለማስተማሪያ ሆስፒታላችን አንድ ትልቅ የምርመራ ማሽን መግዛት ነው። ሁለተኛው በውጭም በሀገር ውስጥም ያለን ስፔሻሊስቶች በየተራ፣ እያንዳንዳችን በወር አንድ ምሽት፣ ለሬዚደንቶች በኢንተርኔት ኬዝ የምንወያይበት ቋሚ ፕሮግራም ማቋቋም ነው፤ ገንዘቡ አንድ አስተባባሪ ሠራተኛ፣ መስመርና ሁለት ክፍል ያዘጋጃል። የማሽኑን ሐሳብ ያመጡትን አከብራቸዋለሁ። ማሽን ይታያል፣ ይዳሰሳል፣ ስማችን ይለጠፍበታል፣ በሽተኛ ነገ ይጠቀምበታል። ቀላል ነገር አይደለም። እኔም ብዙ ጊዜ ያሰብኩት እንደዚያው ነበር።

ግን ያቺን 250 ጭነት የምትይዝ መርከብ አስታውሱልኝ ብያችኋለሁ። ማሽን በየቀኑ ተራ ይበላል። የሚያስነሳው፣ የሚያነብለት፣ ሲበላሽ መለዋወጫ የሚጠይቅለት ሰው ይፈልጋል። እኛ እሱን አልበጀትንም፤ የበጀትነው መጋዘኑን ብቻ ነው። አንዱ መምህራችን ትናንት ማታ እራት ላይ የጠየቁኝ ጥያቄ እንቅልፍ ነሥቶኛል። "ማሽኑ በአሥራ አራተኛው ወር ሲቆም የማን ስልክ ላይ ልደውል?" አሉኝ። መልስ አልነበረኝም።

የሁለተኛው ሐሳብ ሒሳብ ይኸውላችሁ። 60 ሰው ብንመዘገብ፣ በወር አንድ ምሽት፣ በዓመት 720 ምሽት ነው። ለእያንዳንዱ የዓመቱ ቀን ሁለት ሰው ማለት ይቻላል። ሲሶው ቢያቋርጥ እንኳ፣ እናውቃለን ሰው ያቋርጣል፣ 480 ይቀራል። ሰዓቱ አይገጥምም የሚል አለ። አዲስ አበባ ማታ ሁለት ሰዓት ሲሆን ዋሽንግተን እኩለ ቀን ወይም አንድ ሰዓት አለፍ ያለ ነው፤ የምሳ ሰዓታችን ነው። እስራኤል፣ ዱባይና አውሮፓ ያላችሁ ከእኛ የበለጠ ይመቻችኋል፤ ምሽታችሁ ከምሽታቸው ይገጥማል። ፕሮግራሙ የሚሞተው ሰዓት ስላልገጠመ አይሆንም። የሚሞተው ሁላችንም በጉጉት በመጀመሪያው ወር ተራችንን አሟጠን፣ በሦስተኛው ወር ሁላችንም በአንድ ጊዜ ስንጠፋ ነው። ስለዚህ የምጠይቃችሁ ብዙ እንድትሰጡ አይደለም። በወር ሦስት ምሽት እሰጣለሁ የሚል ካለ እባክህ አንድ ብቻ ስጥ፣ ግን ለአምስት ዓመት ስጥ። ከተወያየህ በኋላም ለሚቀጥለው ሰው ሦስት መስመር ጻፍለት፦ ምን ተሠራ፣ ምን ቀረ፣ ምን ይጠበቅ።

ድምፁ ወደ ማሽኑ ካደላ አልቀየምም። በዚያ ጊዜ የምለምነው አንድ ነገር ነው፤ ከገንዘቡ ላይ የሚያነበውና የሚጠግነው ሰው ድርሻ አስቀድሞ ተቆርጦ ይቀመጥ። መርከቧ የምታድርበት ሳይታወቅ አትገዛ።

እኚያ የኮምፒዩተር ባለሙያ ጡረታ ሲወጡ ጨዋታውን ከአሮጌው ማሽን ወደ አዲስ አዛውረው ለመምህርቷ አስረከቧት። እኔ ሥራ በዝቶብኝ ካቆምኩ ቆየሁ። ባለፈው ዓመት ለእንኳን አደረሰሽ ደውዬላት ነበር፤ ፕላኔቱ እንዳለ ነው አለችኝ፣ አዲስ አምስት ሰው ይዞታል።

የተራው መመዝገቢያ ወረቀት ቡናው አጠገብ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጧል። አሥራ ሁለቱ ወራት ተሰምረዋል፣ በየወሩ ሠላሳ መስመር አለ። የመጀመሪያው ወር የመጀመሪያው ምሽት ተረኛ እኔ ነኝ፤ ስሜን ጽፌያለሁ። ከእኔ በታች ያለው መስመር ባዶ ነው።